የቆርቆሮ ምስማር የማን ድርሻ ነው?

ሚስቴ ጫልቱ የቤት እድሳቱን ዝርዝር የምትጽፈው በተማሪዎቿ የፈተና ወረቀት ጀርባ ላይ ነው። ፊት ለፊቱን ስታዩት «የቤት እንስሳትን ስም ጥቀሱ» ይላል። ስትገለብጡት «ሲሚንቶ፣ አሸዋ፣ የበር ማጠፊያ» ይላል። ችግሩ የተማሪዎቹ እስክሪብቶ ጠንካራ ነው። መልሳቸው ወረቀቱን ዘልቆ ይወጣና ከጫልቱ ጽሑፍ ጋር ይቀላቀላል። አንድ ቀን ዕቃ ልገዛ ሄጄ ለባለሱቁ ሳነብለት «ሲሚንቶ፣ አሸዋ፣ በግ» ብዬ ቁጭ አልኩ። ባለሱቁ ምንም አልደነገጠም። «በጉ ለቤት ምርቃቱ ነው ጋሼ?» አለኝ።

እኔ የስልክ ሰው ነኝ። የመስኮቱ ልክ፣ የቀለሙ ዓይነት፣ የግንበኛው አመል ሳይቀር ስልኬ ውስጥ ተጽፏል። ጫልቱ «ስልክህ ቢጠፋስ?» ትለኛለች። «ወረቀትሽ ቢጠፋስ?» እላታለሁ። እንዲህ እየተባባልን ነው እንግዲህ አሶሳ ውስጥ ያለችውን የጭቃ ቤታችንን ልናድስ የተነሳነው። ጣሪያዋ ዝጓል። ወለሏ አፈር ነው። ግድግዳዋ ምሳ እንደበላ ሰው ሆዱን ነፍቷል። እኛ ግን ገና ዶማ ሳናነሳ የት እንጻፍ በሚለው ተጣላን።

ለምን አሁን ማደስ አስፈለገ ትሉ ይሆናል። ልጃችን ሲፈን ናት ምክንያቱ። ሲፈን ባምባሲ ጤና ጣቢያ ነርስ ናት። እዚያው የተዋወቀችው ልጅ ሊያገባት ፈለገ። እሷም ፈለገች፤ እንዲያውም ከእሱ ሳትብስ አትቀርም። ሽማግሌ ሊልኩ ነው ተባለ። ጫልቱ ቀና ብላ ጣሪያውን አየችና «ሽማግሌ እዚህ ሥር አላስገባም» አለች። እውነቷን ነው። ፀሐይ በቆርቆሮው ቀዳዳ እየገባች ወለሉ ላይ ሳንቲም የበተነች ይመስላል። ግንቦት ደግሞ ደርሷል። የአሶሳ ዝናብ ሲመጣ በር አያንኳኳም።

«እሺ፣ ለመሆኑ የማን ልጅ ነው?» አልኩ።

እናትና ልጅ ተያዩ። እናትና ልጅ ከተያዩ መልሱ ጥሩ እንዳልሆነ አውቃለሁ።

«የጋሼ ጌታሁን የወንድም ልጅ ነው አባዬ» አለች ሲፈን ወደ በሩ እየተጠጋች። «ሽማግሌዎቹንም የሚመሩት እሳቸው ናቸው።»

ጌታሁን!

አሁን ጌታሁን ማን እንደሆነ ልንገራችሁ። ባትጠይቁኝም እነግራችኋለሁ። ይህን ታሪክ ባጃጅ ውስጥ አጠገቤ ለተቀመጠ ሰው ሁሉ ስለምናገር፣ አንዳንዱ ከመውረጃው በፊት ይወርዳል። እኔ ከዩኒቨርሲቲ በማዕረግ የተመረቅሁ ሰው ነኝ። ስሜ ታደለ ነው። ሳቁ፣ ግዴለም። ድሮ እሠራበት በነበረው መሥሪያ ቤት የቡድን መሪነት ቦታ ተከፈተ። የምንወዳደረው ሁለት ነን፤ እኔና ጌታሁን። ኮሚቴው በተሰበሰበበት ቀን የእኔ ማህደር ከመዝገብ ቤት ጠፋ። ተፈለገ፣ የለም። ሰብሳቢው አዝኖ፣ በጣም አዝኖ፣ ወንበሩን ለጌታሁን ሰጠው።

ማህደሬ የተገኘው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። የት መሰላችሁ? የመዝገብ ቤቱ ጠረጴዛ አንድ እግሩ አጭር ነበር። ዲግሪዬ፣ የምስጋና ደብዳቤዎቼ፣ የሥራ ልምዴ፣ ሁሉም ከእግሩ ሥር ተነጥፈው ጠረጴዛውን አቃንተውታል። ጽዳት ስትሠራ ያገኘችው ሴትዮ «ጋሼ፣ በእርስዎ ምክንያት እዚህ ጠረጴዛ ላይ ሻይ ፈሶ አያውቅም» አለችኝ። ልታጽናናኝ ነው። ሰዎች ጌታሁን ክፉ ሰው አይደለም ይሉኛል። እኔስ መቼ ክፉ ነው አልኩ? ወንበሬ ላይ ተቀምጧል ነው ያልኩት።

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ አባቶች። እውነት ነው። የእኔ በጽሑፍ ነበር፤ ጌታሁን ወረሰው። ከዚያ ወዲህ ወረቀት አላምንም።

መቼም የጌታሁንን ስም ስሰማ የምናደድ መስሏችኋል። ትንሽ ተናደድኩ። ከዚያ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝና ልቤ ዘለለች። የእኛን ወግ ታውቃላችሁ። ሽማግሌ ልጅ ሊጠይቅ ሲመጣ ቆሞ ነው የሚናገረው። የልጅቷ አባት «ተቀመጡ» እስኪል አይቀመጥም። «ተቀመጡ» ካለ ደግሞ ነገሩ አለቀ፤ ልጁን ሰጠ ማለት ነው። ካላለ፣ ቆመው የመጡት እንደቆሙ ይመለሱና ሌላ ቀን ይመጣሉ። ገባችሁ አይደል? ይሄን ሁሉ ዓመት ወንበሬ ላይ የተቀመጠ ሰው እኔ ቤት መጥቶ ሊቆም ነው! እኔ እስክፈቅድለት! ላመላልሰው ወሰንኩ። አንድ ጊዜ ዘመድ ልጠይቅ እላለሁ። ሌላ ጊዜ አሞኛል እላለሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን ጉልበቱን እያየሁ እወስናለሁ። ግን ይህን የመሰለ ነገር ባረጀ ጣሪያ ሥር አይደረግም። አዲስ ቆርቆሮ ያስፈልጋል።

ሲፈን ፊቴን አይታ ሐሳቤን አወቀች። አባቷን ታውቃለች። «አባዬ፣ አንተ እያመላለስክ ስትጫወት የልጁ ዘመዶች ቅር ብሏቸው ቢቀሩስ? የእኔ ነገር በዚያው ሊቀር ነው እኮ» አለች። ዓይኗ እንባ አቀረረ። ጫልቱ ደግሞ የመምህርነት ድምጿን አወጣች። «ያ ታደለ! የምትድረው ልጅህን ነው ወይስ ማህደርህን? ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ሲባል አልሰማህም?»

ሰምቻለሁ። ግን እኔ ጸሎት ላይ አይደለሁም አልኳት፤ እድሳት ላይ ነኝ።

ወደ እድሳታችን እንመለስ። ስልክ እንከን የለውም ልላችሁ አልችልም። ስልክም ያዋርዳል። በመጀመሪያው ሰሞን እጄ ሜትር ስለያዘ ልኬቱን በድምፅ እቀዳ ነበር። «ሳሎን፣ የቀኝ ግድግዳ፣ ይህን ያህል» እያልኩ። በኋላ ዕቃ መሸጫው ሄድኩና ሰው በሞላበት ድምፁን ከፍ አድርጌ ከፈትኩት። የራሴ ድምፅ ወጣ። ቀጥሎ ከጀርባ የጫልቱ ድምፅ መጣ። «ሲፈን፣ ነይ ስሚ፣ አባትሽ ከግድግዳ ጋር ማውራት ጀመረ። ያ ዋቃ፣ አምላኬ፣ እኔ ምን በደልኩ?» ይላል። ቀጥሎ የሁለቱ ሳቅ። የሳቁ ርዝመት! ላጠፋው ስል ጣቴ አዳልጦት እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። ባለሱቁ ልኬቱን በደንብ እንደያዘው ነገረኝ። ጫልቱ ያለችውንም ይዞታል።

ደግሞ መብራት አለ። የለም፣ መብራት የለም ማለቴ ነው። ግድቡ እዚሁ ክልላችን ጉባ ላይ ነው፤ የእኔ ስልክ ግን መብራት በሄደ ቁጥር በጎረቤታችን በሀጂ ኡስማን ሱቅ ጄኔሬተር ነው የሚሞላው። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይሄ ነው። ስልኬ ሀጂ ሱቅ ተሰክቶ ሳለ ግንበኛው «ጋሼ፣ የበሩ ቁመት ስንት ነበር?» ካለኝ፣ ሮጬ ሄጄ ከሀጂ ስኳርና ሩዝ መሃል ቆሜ አንብቤ እመለሳለሁ።

ጫልቱ በዚህ ትስቃለች። «ወረቀት ቻርጅ አይጠይቅም» ትላለች። ልክ ናት። ወረቀት ግን ይበላል። የሀጂ ፍየል በቀርከሃ አጥራችን ሾልካ ገባችና የመስኮቶቹ ልክ በሙሉ የተጻፈበትን ወረቀት ቅርጥፍ አድርጋ በላችው። እኔ በደስታ ልሞት! ጫልቱ ወረቀቱን ከፍየሏ አፍ ልትነጥቅ ስትታገል የቀራት «የቤት እንስሳትን» የሚለው ጫፍ ብቻ ነው። ሀጂ ኡስማን ሊክሱን መጡ። ሀጂ የበርታ ሰው ናቸው፤ ነጋዴ ናቸው፤ አማርኛቸው አጭር ነው፤ ግን እንደሳቸው የሚያስቀኝ ሰው የለም።

«ያ ጎረቤት» አሉ፣ በጣም ከልባቸው። «ፍየል የእኔ ነው። ወረቀት የእናንተ ነው። ወረቀት አልጠፋም፣ ሆድ ውስጥ አለ። ለዒድ ፍየል ሲታረድ እናነባለን። ኸላስ።»

ከፍየሏ በኋላ ጫልቱ የሚያስታርቅ ሐሳብ አመጣች። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» አለች። አንተም በስልክህ ጻፍ፣ እኔም በወረቀቴ ልጻፍ። ማን ምን እንደሚገዛ፣ የትኛው ክፍል እንደሚቀድም፣ ሁሉም ነገር ሁለት ቦታ ይኑር። አንዱ ቢጠፋ ሌላው አለ። ይሄ ምን ክፋት አለው? የተማረ ሰው ሐሳብ ነው። እኔም በማዕረግ የተመረቅሁ ሰው ነኝና ተስማማሁ። እሷ በወረቀቷ፣ እኔ በስልኬ፣ ጎን ለጎን ተቀምጠን እንደ ፈተና ተማሪ እጃችንን ከልለን ጻፍን። አንዳችን የአንዳችንን አላየንም። ለምን ብለን? ስለ አንድ ቤት አይደለም እንዴ የምንጽፈው!

ግንበኛችን ሰይድ ይባላል። ቤተሰቡ ከወሎ የመጡ ናቸው፤ እሱ የተወለደው እዚሁ ነው፤ «አብሽር» የምትለዋን ቃል ግን ከወሎ ይዞ የተወለደ ይመስለኛል። አይዞህ፣ ግዴለም፣ አታስብ እንደማለት ናት። ሰይድ ወረቀትም ስልክም አይወድም። እሱ የሚጽፈው ግድግዳ ላይ ነው። የመብራት መስመሩ የት እንደሚያልፍ በእርሳስ ግድግዳው ላይ በሚያምር መስመር ሠራው። ከዚያ በላዩ ላይ ለሰነው። ከዚያ መስመሩ የት እንደነበር ለማወቅ ግድግዳውን እንደ ሐኪም በጣቱ ቆረቆረው። እስካሁን የሳሎናችን ግድግዳ አራት ቦታ ተቀዶ ተሰፍቷል። «አብሽር ጋሼ፣ ቤትም እኮ ይታመማል» አለኝ።

ሽማግሌዎቹ የሚመጡት እሑድ ነው። ቅዳሜ ጠዋት እኔና ጫልቱ ለዘመዶቿ ወሬውን ልንነግር ባምባሲ ሄድን። ሰይድ ጣሪያውን እንዲቀይር ነገርነው። ለምን በመጨረሻው ቀን አትበሉኝ። ቤት ያደሰ ሰው እንዲህ ብሎ አይጠይቅም። ዕቅዱ ቀላል ነው። ግማሹን ይገልጣል፣ ግማሹን ይከድናል፣ ከዚያ ሌላውን ግማሽ ይገልጣል። አዲሱ ቆርቆሮ ግቢ ውስጥ ተደርድሯል። ወንበርና ሶፋው አቧራ እንዳይነካው ሀጂ ቤት ሄዷል። የትኛው ግማሽ እንደሚቀድም እኔ በቴሌግራም ላክሁለት። ጫልቱ ደግሞ ጽፋ ምሰሶው ላይ በምስማር መታችለት።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ከባምባሲ ተመለስን። ከሩቅ ቤታችን ራሱን ተላጭቶ ቆሟል። ሳሎኑም፣ መኝታ ቤቶቹም፣ ጓዳውም። አንድ ቆርቆሮ የለውም። ሰይድ ደጃፍ ላይ ቆሞ ላቡን ይጠርጋል። ኩራት ኩራት ይለዋል።

«ሰይድ! ምንድን ነው ያደረግኸው?»

«ያዘዛችሁኝን ነዋ ጋሼ። የእርስዎ ትእዛዝ በስልክ መጣ፣ መጀመሪያ ሳሎኑን ግለጥ ይላል፤ ገለጥኩ። የእትዬ ትእዛዝ ምሰሶው ላይ ተሰቅሏል፣ መጀመሪያ መኝታ ቤቱን ግለጥ ይላል፤ ገለጥኩ። እኔ በባልና ሚስት መሃል አልገባም። የማንንም ቃል አልጣልኩም።»

«ታዲያ መልሰህ ክደነዋ!»

«እከድናለሁ፣ አብሽር። የቆርቆሮ ምስማሩን ስጡኝ።»

ወደ ጫልቱ ዞርኩ። ጫልቱ ወደ እኔ ዞራለች። ስልኬን አወጣሁ። «የቆርቆሮ ምስማር — ጫልቱ» ይላል፣ ጥርት አድርጎ። እሷ ወረቀቷን ከቦርሳዋ አወጣች። «የቆርቆሮ ምስማር — ታደለ» ይላል፣ ከሥሩ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበት። ሁለት ባላ ተክለን፣ ሁለቱም ላይ ተንጠልጥለን፣ ምስማር የለም።

ያደርነው ሀጂ ቤት ነው። እሑድ ጠዋት ባጃጅ ይዤ ከተማውን ዞርኩ። አብዛኛው ዕቃ መሸጫ ዝግ ነው፤ ባለቤቱ ቤተ ክርስቲያን ነው። ክፍት ያገኘሁት አንድ ሱቅ የእንጨት ምስማር አለው፣ የጫማ ምስማር አለው፣ ሥዕል መስቀያ አለው። ባለቤቱ የቆርቆሮውን ምስማር ትናንት የመጨረሻውን ሸጥኩ አለኝ፣ እንደ ምሥራች። ስመለስ ሰይድ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ አሮጌውን የዛገ ምስማር አንድ በአንድ በመዶሻ እያቃና ነው። የሚቃናውም ይቃናል፤ የሚሰበረው ግን ይበዛል።

«ለሽማግሌዎቹ ደውለን ሌላ ቀን ኑ እንበላቸው» አልኩ።

«ሽማግሌን አትምጣ ማለት ልጄን አልሰጥህም ማለት ነው» አለች ጫልቱ። «ሀጂ ቤት እንቀበላቸው።»

«ልጅ የምትጠየቀው በአባቷ ቤት ነው!» አልኩ። እንዲህ ስል ደረቴ ተነፋ። ሀጂ ቤት እኮ ወንበር አለ። ሀጂ ደግ ሰው ናቸው፤ ሽማግሌዎቹን ገና ከበር ሲገቡ ያስቀምጡብኛል።

ሲፈን አዲስ ቀሚስ ለብሳ ጓዳችን ውስጥ፣ ጣሪያ በሌለው ጓዳ፣ ወደ ላይ አንጋጣ ደመናውን ታያለች።

መጡ። ሦስት ናቸው። ጌታሁን ከፊት፣ ግራጫ ኮቱን ለብሶ። አንድ ጡረታ የወጡ መምህር፣ ከዘራ ይዘው። አንድ ዝምተኛ ሰውዬ፣ የልጁ እናት ዘመድ። ሳሎኔ ውስጥ ገቡና ቆሙ። ቀና አሉ። ሰማይ ነው። ዝም ብለው ዝቅ አሉ። የሽማግሌ ጨዋነት!

«ቤታችሁ ብርሃን አለው» አለ ጌታሁን።

«አዲስ አሠራር ነው» አልኩት።

ጌታሁን ጉሮሮውን ጠረገ። «ወንድሜ ታደለ፣ የመጣንበት ጉዳይ የታወቀ ነው። ልጅህን ለልጃችን ብለን ነው። ካልነው ሳንደርስ አንቀመጥም።» እኔ መልስ አልሰጠሁም። ትንሽ ይቁም ብዬ። ክብደቱን ከቀኝ እግሩ ወደ ግራ ሲያዛውር አየሁ። እንዴት ልንገራችሁ? ማር ቀምሳችሁ ታውቃላችሁ? እንደዚያ ነው።

ይሄኔ የሀጂ ኡስማን ራስ ከቀርከሃው አጥር በላይ ብቅ አለ። «ያ ጎረቤት! ወንበር ላምጣ? ሶፋ አለ፣ የእናንተ ነው!»

«ተዉት ሀጂ! አያምጡ!»

«ሰው ቆመ እኮ!»

«ይቁም! ወጉ ነው!»

የሀጂ ራስ እየተወዛወዘ ወረደ። ከጓዳ የሲፈን እስትንፋስ ይሰማኛል። ጫልቱ በበሩ ቀዳዳ ታየኛለች፤ ዓይኗ ከሰይድ መዶሻ ይከብዳል። እኔ ግን ጀምሬያለሁ። «ነገሩ ቀላል አይደለም» አልኩ፣ ቃሌን እየጎተትኩ። «የአባት ወገን አለ፣ የእናት ወገን አለ። ልጠያይቅ። ለዛሬ እንደቆማችሁ…»

ሰማዩ አላስጨረሰኝም። አንድ ነጎድጓድ ከደጅ ሳይሆን ከሳሎኔ መሃል የተነሳ እስኪመስለኝ አንባረቀ። ነፋስ መጣ። ከዚያ ውሃው፣ በባልዲ። ሰይድ መዶሻውን ጥሎ «ቆርቆሮ! ቆርቆሮ ያዙ! ግድግዳው ጭቃ ነው፣ ተጠጉ!» እያለ አዲሱን ቆርቆሮ እያነሳ ሰጠን። መምህሩና ዝምተኛው አንዱን ያዙ። እኔም አንዱን ጫፍ ይዤ ራሴ ላይ ሳደርገው፣ ሌላኛውን ጫፍ ማን እንደያዘው ዞሬ አየሁ። ጌታሁን።

ቆርቆሮ በነፋስ ሲነሳ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ቢላ ነው። አንገት ይቆርጣል። ነፋሱ ከሥር ገብቶ እኔንና ጌታሁንን እንደ ጃንጥላ ሊያነሳን ፈለገ። መምህሩ ተንገዳገዱ፤ ከዘራቸው ወደቀ፤ የያዙት ቆርቆሮ ወደ ጌታሁን ማጅራት ዞረ። ያኔ ምን እንዳሰብኩ አላውቅም። ምንም አላሰብኩም።

«ተቀመጡ!» ብዬ ጮኽኩ። «ተቀመጡ! እባካችሁ ተቀመጡ!»

ተቀመጡ። ሦስቱም፣ በአንድ ጊዜ፣ ግድግዳው ሥር የተደረደረው ብሎኬት ላይ። እኔም ተቀመጥኩ። ቆርቆሮው ረጋ። ዝናቡ በላዩ ላይ ከበሮ ይመታል።

መምህሩ ቀስ ብለው ወደ ጌታሁን ዘንበል አሉ። «ሰማህ?»

«ሰማሁ» አለ ጌታሁን።

«እኔም ሰምቻለሁ» አለ ዝምተኛው። ያን ቀን የተናገረው እሱን ብቻ ነው።

«ኧረ ለነፋሱ ብዬ ነው!» አልኩ።

«የልጅቷ አባት ተቀመጡ አለ፤ ተቀመጥን» አሉ መምህሩ። «ወጉ በነፋስ ይሁን በፀሐይ አይልም።»

ከጓዳ እልልታው ቀለጠ። የጫልቱ እልልታ ነጎድጓዱን ያስንቃል። ሲፈን በዝናቡ ውስጥ ሮጣ መጣችና፣ አዲሱ ቀሚሷ ከገላዋ ተጣብቆ፣ ጉልበቴን ሳመች። ከዚያ የመምህሩን። ከዚያ የጌታሁንን። ስትስቅ አየኋት። ሕፃን ሳለች ነው እንዲያ ስትስቅ ያየኋት። ምን ልበል? ለጌታሁን ያዘጋጀሁት ሁሉ፣ ማመላለሱ፣ ሕመሜ፣ ዘመድ መጠያየቁ፣ ከጎርፉ ጋር በበሩ ወጥቶ ሄደ። አልከለከልኩትም። እኔም ሳልወድ ሳቅሁ።

ፈጽሜ ታረቅሁ ግን አላልኩም። ቆርቆሮ ውሃ የሚያወርድበት ቦይ አለው፤ እጄን ትንሽ ከፍ ሳደርግ ውሃው ተንደርድሮ በጌታሁን ኮት አንገትጌ ገባ። በአጋጣሚ ነው። እሺ፣ በአጋጣሚ አይደለም።

ጫልቱ እልልታዋን ጨርሳ ወደ እኔ ዞረች። «ሰው በዝናብ ደበደብክ! ምስማሩን ገዝተህ ቢሆን ይሄ ይመጣ ነበር?»

«ድርሻው የአንቺ ነው!»

«የአንተ ነው!»

መምህሩ ከዘራቸውን አነሱ። «ቆይ፣ ቆይ። ሽማግሌ እዚህ ተቀምጦ ባልና ሚስት አይጨቃጨቁም። ማስረጃችሁን አምጡ።» አመጣን። ስልኬ ውሃ ገብቶበት እየተንቀጠቀጠም ቢሆን «የቆርቆሮ ምስማር — ጫልቱ» ይላል። የጫልቱ ወረቀት ረጥቧል፤ ቀለሙ ፈሶ ሰማያዊ ሆኗል። የሲሚንቶው ጠፍቷል፣ የአሸዋው ጠፍቷል። «ምስማር — ታደለ» የምትለዋ ብቻ ቀርታለች። ወረቀት እኔን ለመበደል ሲሆን ይበረታል።

መምህሩ ሁለቱንም መረመሩ። «ሁለቱም ማስረጃ ትክክል ነው» አሉ። «ምስማር ግን የለም። የሽማግሌዎቹ አለቃ ይፍረድ።»

የሽማግሌዎቹ አለቃ! ጌታሁን ኮቱ ላይ ያለውን ውሃ አራገፈ። አሰበ። ልክ እንደዚያ ኮሚቴ ሰብሳቢ ፊቱን አዘን አደረገው።

«አንደኛ» አለ፣ «ከዛሬ ጀምሮ የቤቱ ጉዳይ በጫልቱ ወረቀት ብቻ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ ምስማሩን ታደለ ይግዛ። ሦስተኛ፣ አሁን ዘመዴ ስለሆንክ በፍቅር ልለምንህ፤ ይሄን ቆርቆሮ ከአንገቴ ላይ መልስልኝ።»

ይግባኝ ልል አፌን ከፈትኩ። ከዚያ በእኛ ወግ በሙሽራና በሙሽሪት ወገን መካከል ክርክር ሲነሳ ይግባኝ የሚሰማው ማን እንደሆነ አስታወስኩ። የሽማግሌዎቹ አለቃ ነው። አፌን ዘጋሁ። ፍርዱን ተቀበልኩ። ቆርቆሮውን ግን በእኔ በኩል ትንሽ ጨመር አድርጌ ከፍ አደረግኩት።